ጦር ሰፈሯስ ጎሬ ነበረች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በወጣው እትማችሁ ስለ ጋምቤላ የቀረበውን ሰፊ ጽሑፍ መጀመሪያ በችኮላ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ጸሐፊው እስከዚያ ሙቅ አገር ድረስ ወርዶ መጻፉን አመሰግናለሁ፤ አብዛኞቹ ጸሐፊዎቻችን ከሰበታ አያልፉም። ስለ ባሮ የጻፈው ጥሩ ነው፤ ስለ ዓሣውም የጻፈው ጥሩ ነው። ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከተማዋን “የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ጦር ሰፈር” ብሎ ጠራት። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ በወንዙ ዳር የሚገኘውን የቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም የግንብ ቤት በፎቶግራፍ አውጥታችሁ ከሥሩ “የወታደሮቹ ማደሪያ” የሚል ጽፋችኋል።

እኔ ለ31 ዓመት በስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። የተሳሳተ ቁጥር ሰው ቤት ሲደወል እያየሁ ዝም ማለት አልለመድኩም። ያ ቤት የወታደር ማደሪያ አልነበረም፤ የቡና መጋዘን ነበር። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አባቴ በውስጡ ቡና ሲመዝን እኔ ደጃፉ ላይ የፈሰሰውን እየለቀምኩ ያደግኩበት ቤት ስለሆነ ነው።

እኔን ማመን ካስቸገራችሁ ፎቶግራፉን አጉልታችሁ ተመልከቱት። ወለሉ ከመሬት ከፍ ባለ የግንብ መደብ ላይ ነው የተቀመጠው። መስኮት የለውም፤ በምትኩ ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን የአየር ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። በሩ በትከሻው ጆንያ የተሸከመ ሰው ሳያጎነብስ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ወታደሩን ከምስጥና ከእርጥበት ለመጠበቅ ይህን ያህል የተጨነቀ መንግሥት በዕድሜዬ አላየሁም። እንዲህ የሚጠበቀው ቡና ነው።

መጋዘኑ ለምን ያን ያህል ረጅም ሆነ? ይህን ለመረዳት ወንዙን ማወቅ ይጠይቃል። ባሮ ከደጋው ከብርብርና ከገባ ወንዞች ተዋሕዶ ይፈጠራል፤ ገደል ለገደል እየተንደረደረ ይወርድና ጋምቤላ ሲደርስ አደብ ይገዛል። ከዚያ ወዲያ አገሩ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ውሃው ሳይቸኩል ሄዶ ከፒቦር ጋር ይገናኛል፤ ስሙ ሶባት ይሆናል፤ ማላካል አጠገብ ሲደርስ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ከአገራችን ወንዞች የጭነት መርከብ ለብዙ ዘመን ሲመላለስበት የኖረው ይኸው ባሮ ብቻ ነው። ከካርቱም እስከ ጋምቤላ በወንዝ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። መርከቡ ግን ይወጣ የነበረው ውሃው ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ያው ባሮ በአንዳንድ ቦታ ልብስ ሰብስቦ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ነው።

የደጋው ነጋዴ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው በተቃራኒው ወቅት ነበር። ቡናው የሚደርሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አጋሰስ ያንን ቁልቁለት የሚደፍረው ጭቃው ሲደርቅና መሻገሪያዎቹ ሲጎድሉ ነው። ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ አድርጎ ጋምቤላ ለመድረስ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ጋቢ ለብሶ ከጭጋግ የወጣ ሰው በመጋቢት ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ቆላው ውስጥ ለሰው ወባ፣ ለከብት ገንዲ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ በቅሎዎቹ ሳይታመሙበት ሽቅብ ለመመለስ ይጣደፋል። መርከብ ሲመጣ ነጋዴ የለም፤ ነጋዴ ሲመጣ መርከብ የለም። በመካከሉ ቡናው ለወራት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የዚያ ቤት ርዝመት የዚህ ጥበቃ ርዝመት ነው።

ስለ ቡናው ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ እንደምወጣ አውቃለሁ። በበጋ ደርቆ የገባ ቡና በነሐሴ ሲወጣ ይከብዳል፤ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። አባቴ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ በኪራይ ከያዙት ግቢ ውጭ ባለው በእኛ ኬላ ላይ የሚዛን ሠራተኛ ነበር። በእኛ በኩል የሚመዘነው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ ወደ 17 ኪሎ ይሆናል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሱዳኖቹ ቀንጣር አለ፤ እሱ ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል። ያው ጆንያ አጥሩን በተሻገረ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይሆናል፤ በዚያ ላይ ወቅቱ ያከብደዋል። በዚህ መካከል ስንት ጠብ፣ ስንት መሐላ፣ ስንት ሽማግሌ እንደገባ መገመት ትችላላችሁ። አባቴ ስሌቱን በቃሉ አጥንቶት ነበር። በስተርጅናው አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ “ሃምሳ ፈረሱላ” ስለው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ “አሥራ ዘጠኝ ቀንጣር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው” ይለኝ ነበር።

ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። የፎቶግራፉ ስህተት ቀላሉ ነው፤ የከበደው የውሉ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙትን ውል ብዙ ሰው ሰምቶታል። የሰማው ግን ሦስተኛውን አንቀጽ ነው፤ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ስለመሥራት የሚናገረውን። የግድብ ክርክር በተነሳ ቁጥር ይኸው አንቀጽ እየተጠቀሰ ይነታረኩበታል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን አንቀጽ የሚያነብ ግን የለም። የጋምቤላ መወለጃ እሱ ነው።

በዚያ አንቀጽ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲመረጥ ፈቀዱ። የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በእኛ አቆጣጠር 10 ጋሻ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ መሬት የነበረው ባላባት ሞልቶ ነበር። መሬቱ የተሰጠው በኪራይ ነው፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ነው። ጸሐፊያችሁ ሊያየው ይገባ የነበረው ደግሞ የመጨረሻው ቃል ነው፦ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በግልጽ ተከልክሏል።

ጣቢያው ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ የተዛወረው በ1899 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ለደጋው ግርጌ የቀረበችው ጋምቤላ ስለሆነች። ካርታ ያለው ሰው ይመልከት፤ ጋምቤላ ድንበር ላይ እንኳ አይደለችም። ድንበሩ በባሮ ወርዶ ፒቦር የሚገናኝበት፣ ከዚያም በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች የሚታጠፈው ከእሷ ብዙ ርቆ በስተምዕራብ ነው። እንግዲህ ጋምቤላ ከአዲስ አበባም ከካርቱምም የራቀች፣ በእኛ አገር መሬት ውስጥ የሌላ አገር ባንዲራ የተሰቀለባት አንዲት ቁራጭ ነበረች። ለዚያውም ባንዲራው አንድ አልነበረም፤ የእንግሊዝና የግብፅ ጎን ለጎን ይሰቀሉ ነበር። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና ሰም ነው፤ የሚገባው ጨው፣ አቡጀዴና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ነው። ነጋዴዎቹ ግሪኮችና ሶሪያውያን ነበሩ። አባቴ ግሪኮቹን ይወድ ነበር፤ የሚከራከሩት እየሳቁ ነው ይላል።

ይህን ሁሉ ብዬ ጸሐፊያችሁ ነገሩን ከምንም ተነስቶ ፈጠረው ብል ግን ውሸታም እሆናለሁ። ወታደር አልነበረም ማለቴ አይደለም። እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ ከሱዳን የመጡ የታጠቁ ፖሊሶች ነበሩት፤ ጥምጣም ጠምጥመው፣ ቁምጣ ታጥቀው ሲሄዱ አባቴ አይቷቸዋል። ከጠመንጃ ጋር የንግድ ጣቢያ የሚባል ነገር እንደማያሳምን ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ እንግሊዞች በዚያ አካባቢ ጦር ሰፈር ሲፈልጉ የሠሩት በእነሱ በኩል ባለው መሬት ላይ ነው። ከአኙዋኮች ጋር የተዋጉትም በዚያው በኩል ነው። በመጋቢት 1904 ዓ.ም. የአኙዋኩን ንጉሥ አኩዌይን ትጥቅ እናስፈታለን ብለው የሄዱት የሱዳን ወታደሮች አዶንጋ ላይ ክፉኛ ተመቱ፤ 5 መኮንኖችና ከ40 በላይ ወታደሮች ሞቱባቸው። አኮቦ ላይ ወታደሮቻቸውን ያሰፈሩት ከዚያ ወዲህ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ለመጎብኘት የፈለገ ሰው እንግዲህ ወደ አኮቦ ይውረድ፤ ጋምቤላ አያቁመው።

አኙዋኮችን ካነሳሁ ዘንድ፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ ስማቸው የተጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እሱም ስለ ጭፈራ ነው። ምኒልክና ሃሪንግተን ያንን የድንበር መስመር ሲያሰምሩ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ወደ ሱዳን፣ ግማሹ ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። የጣቢያው መሬት የማን ነው ብሎ የጠየቃቸውም የለም። እኔ ልጅ ሆኜ አብራኝ የምትጫወት የአኙዋክ ልጅ ነበረችኝ፤ ዋና ያስተማረችኝ እሷ ናት። ወንዙን ባሮ ስለው ትስቅብኛለች፤ ለእነሱ ኦፔኖ ነው። ያንን ግቢም ቤተሰቧ የሚጠሩበት የራሳቸው ስም ነበራቸው። ነግራኝ ነበር፤ ረሳሁት። ጎሬ ላይ የስንቱን ሰው ስልክ ቁጥር በቃሌ ይዤ ሳረጅ ያንን አንድ ቃል መርሳቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ወደማልሸሸው ነገር ልግባ። ጦር ሰፈር የሚለውን ቃል ከጋምቤላ ላይ ካነሳሁት የት ላሳርፈው? ባለቤቷን አውቃለሁ። ጎሬ ናት።

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ይህንን ደብዳቤም የምጽፈው ከዚያው ነው። ጎሬ ኮረብታ ላይ የተቀመጠችው ጭጋጉ ስላማረ አይደለም። ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያውን ታያለች። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲያስተዳድሩ የተቀመጡባት የጦር ከተማ ነበረች። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ገና ደጃዝማች ሳሉ ጦራቸው በባሮና በሶባት ወርዶ እስከ ነጭ ዓባይ ዳርቻ ደርሶ ነበር። ጥቂት ፈረንሳዮችም አብረዋቸው ነበሩ። እንግሊዞች በዚያ በኩል ስለ ወንዙ የደነገጡት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ውል ይዘው የመጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጦሩ ግን ዳርቻው ላይ ብዙ አልቆየም፤ ረግረጉና ንዳዱ መለሰው።

ከዚያ ጦር ውስጥ አንዱ የአባቴ አባት ነበር። ከሸዋ መጥቶ፣ ነጭ ዓባይን አይቶ፣ በንዳድ ተንቀጥቅጦ ተመለሰና ጎሬ ሰፈረ። ለመኖሪያው መሬት፣ ለቀለቡ ደግሞ ገባር ተመደበለት። ገባሮቹ ከእሱ በፊት በዚያ መሬት ላይ የነበሩ ኦሮሞዎች ናቸው፤ እህል ያመጡለታል፣ እንጨት ይሰብሩለታል፣ ቤት ይሠሩለታል። አያቴ ይህንን በኩራት ያወራ ነበር፤ አባቴ ሲሰማ ዓይኑን ይሰብራል። አያቴ ቅኝ ገዥ ነበር አልልም፤ አልነበረም ብዬም አልምልም። ጸሐፊያችሁ ግን ቃሉን ለእንግሊዝ ብቻ መድቦ፣ በጎሬ በኩል ሲያልፍ “ጥንታዊት የንግድ ከተማ” ብሎ በአንድ መስመር ተሻገራት። በጎሬ ካለፈ ጠይቆን ቢሆን እነግረው ነበር። ቡና አፈላለትም ነበር።

ጎሬን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ በሌላም በኩል ያስቆጫል። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የኢትዮጵያ መንግሥት ለጥቂት ወራት የተቀመጠው እዚህ ነው፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በሊቀመንበርነት፣ ልዑል ራስ እምሩም በእንደራሴነት። የጥቁር አንበሳ ጦር ከራስ እምሩ ጋር የተቀላቀለውም በዚሁ በምዕራቡ አገር ነው። ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ጎሬን ሲይዙ አቡነ ሚካኤልን እዚሁ ገደሏቸው። በዚያን ወቅት ከባሕር ማዶ ጋር የቀረው በር ባሮ ነበር። የጎሬ ሰዎች ተስፋ ሁሉ ወደ ቁልቁለቱ ሆነ፤ በመርከብ መሣሪያ ይመጣል፣ ዕርዳታ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። አያቴ በሞቱ ዋዜማ እንኳ “መርከቡ ዘገየ” ይል ነበር ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም።

እውነተኛ ጦርነት ጋምቤላ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ጽሑፋችሁ ጨርሶ ዘሎታል። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣልያንና እንግሊዝ ጦርነት ሲገቡ የቡና መጋዘኖቹ ጦርነት ውስጥ ወደቁ፤ ጣልያኖች ገቡባቸው። እነሱን ያስወጣቸው ማን ይመስላችኋል? ከቤልጅየም ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። አገራቸውን የያዘችው ቤልጅየም ራሷ በጀርመን ተይዛ ሳለ፣ እነሱ መላ ሱዳንን አቋርጠው መጥተው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አሶሳን፣ ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ጋምቤላን ያዙ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ደምቢ ዶሎ ወጡ፤ ያን ጊዜ ሳዮ ትባል ነበር። ምግብ እያጠራቸው፣ በሽታ እየጣላቸው፣ ክረምቱ እየገባባቸው ቆይተው፣ በሰኔ መጨረሻ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ከሠራዊቱና ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር እጁን ሰጣቸው። ቅኝ የተገዙ አፍሪካውያን ቅኝ ያልተገዛችውን አገር አንድ ጥግ ነጻ አወጡ። በልጅነቴ ጋምቤላ የነበሩ አሮጊቶች “ኮንጎዎቹ” ሲሉ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ፍርሃት ነው። ረሃብ የያዘው ጦር ጎተራ አይምርም።

ጣቢያው የተዘጋው ራሱ ውሉ እንደሚለው ነው። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ የእንግሊዝና የግብፅ መንግሥት በዚያ አበቃ፤ ኪራዩም አብሮት አለቀ። ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. 10ሩ ጋሻ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጎሬ ነበርኩ። አባቴ ስለዚያ ወቅት ሲጠየቅ ስለ ባንዲራ አያወራም። የሚያወራው ስለ ቁልፎች ነው። የተረከቡት ቁልፍ ምልክት አልነበረውምና የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀ። የሚዛኖቹ ርክክብ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ፤ አባቴ ሁሉንም ሚዛን ከኬላው ሚዛን ጋር እያመሳከረ ካልፈተንኩ አልፈርምም አለ። አለቃው “አንተ ሰው፣ አገር ሲመለስ ሚዛን ትፈትሻለህ?” ብሎ ተቆጣው ይባላል። ፈተነ። አንዱ ሚዛን ወደ ገዢው ያደላ ሆኖ ተገኘ።

እኛ ቤተሰቦቹ የወረድነው በ1951 ዓ.ም. ነው። መርከብ አሁንም ይመጣ ነበር፤ እንደ በፊቱ ግን አይደለም። ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ከኋላው ያለው መንኮራኩር ውሃውን ሲደበድብ እንደ ሩቅ ከበሮ ነው። ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች ከጎንና ከጎኑ ታስረው አብረውት ይመጣሉ። ልጆች ሁሉ ወደ ዳርቻው እንሮጣለን፤ አዞ አለ ተብለን እንመለሳለን፤ እንደገና እንሮጣለን። አባቴ ሚዛኑን ያዘጋጃል። በየዓመቱ ግን የሚመዘነው እያነሰ ሄደ። ቡናው በመኪና መንገድ በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አሰብና ወደ ጅቡቲ መሄድ ለመደ። በኋላም በደቡብ ሱዳን ጦርነት መጣ። በ1957 ዓ.ም. ወደ ጎሬ ስንመለስ መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያ ይልቅ የሌሊት ወፍ ይበዛ ነበር። ጎሬም ብትሆን አልቀናትም፤ የኢሉባቦር ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ሄደባት።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው እትማችሁ በሁለተኛው ገጽ ጥግም ቢሆን ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን ጽሑፍ አስተካክሉልኝ፦ “የቀድሞ የቡና መጋዘን” በሉት። “የቅኝ ገዥዎች ጦር ሰፈር” ያላችሁትንም “በኪራይ የተያዘ የንግድ ጣቢያ” በሉት፤ ለፖሊሶቹ አንድ መስመር ብትጨምሩ አልቃወምም። የጎሬን ነገር ለጸሐፊው ሕሊና ትቼዋለሁ፤ ከመጣ ግን አያቴ የሰፈረበትን ቦታ አሳየዋለሁ።

ፎቶግራፍ አንሺያችሁም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። ያ ያደላው ሚዛን ከነድንጋዮቹ ከአገልግሎት ሲወጣ አባቴ አንዱን የሚዛን ድንጋይ ለምልክት አስቀርቶት ነበር። ድንጋይ እንላለን እንጂ ብረት ነው፤ እጀታም አለው። ዛሬ ነፋስ በመጣ ቁጥር የጓዳዬን በር የምይዘው በእሱ ነው። ባለፈው ዓመት ገበያ ወስጄ በዲጂታል ሚዛን አስመዘንኩት፤ ከተጻፈበት 40 ግራም ይበልጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉምሩክ ሚዛን ሠራተኛ ልጅ፣ ከጎሬ